ጎንደር፣ ዘጌ፣ ደቅ ወይስ ጎርጎራ? ጣና ዙሪያ ለሚጓዝ ሰው የንጽጽር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ይዘን ባሕር ዳር ሄድን። ገዳም ልናሳልማት ነበር ሐሳባችን። ጀልባ ተከራየን። ባለጀልባው «ሦስት ገዳም አሳያችኋለሁ» አለን፤ ደስ አለን። የመጀመሪያው ክብራን ገብርኤል ነበር። ሴት ወደ ገዳሙ እንደማትገባ የሰማነው ጀልባው ወደቡ ላይ ሲጠጋ ነው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከውሃው ዳር ተሳለመች። እኔና ወንድሜ ወጥተን እስክንመለስ ተቀምጣ ጠበቀችን። ቅር አላላትም። «ሥርዓቱ ነው ልጄ» አለችኝ። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሥርዓቱ የቆየ ነው፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ ያን ቀን ሌላ ገዳም እንመርጥላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ወዳጅ ዘመድ ከአዲስ አበባም፣ ከዋሽንግተንም፣ ከቴል አቪቭም ሲመጣ ጥያቄው አንድ ነው። «አራት ቀን አለን፤ ጎንደር ይሻላል ባሕር ዳር?» እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ። አብሯችሁ ማን አለ? ቦታው የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው።

መጀመሪያ እነዚህን መልሱ

ማን አብሮ ይሄዳል? ሴቶች አሉ? ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ፣ ውሃ የሚፈራ ልጅ አለ? ከጣና ገዳማት አንዳንዶቹ ለወንድ ብቻ ናቸው። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ እንዲህ ናቸው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ደብረ ማርያምና ናርጋ ሥላሴ ግን ሴቶችም ይገባሉ። ይህን ብቻ ብታውቁ ግማሹ ጣጣ ቀለለላችሁ።

ለመሳለም ነው ወይስ ታሪክ ለማየት? ለመሳለም የሚሄድ ሰው አንድ ገዳም ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ጠበል ጠጥቶ ቢመለስ ይበቃዋል። ታሪክ የሚፈልግ ሰው ግን ማየት፣ መጠየቅ፣ ማወዳደር ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ካጨቃችሁ አንዱ ሌላውን ያዋክበዋል።

ስንት ቀን አላችሁ? መንገድ ላይ የሚያልፈውን ቀን ቀንሱ። አራት ቀን ያለው ሰው በእጁ የቀረው ሁለት ቀን ተኩል ነው።

ወቅቱስ? ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ዝናቡም ያባራል። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ግን የጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ አልጋ አይገኝም። በሐምሌና በነሐሴ የገዳማቱ የእግር መንገድ ጭቃ ነው። በየትኛውም ወቅት ግን ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ይጨምራል። ስለዚህ ጀልባ ጠዋት ነው።

ገንዘብን በተመለከተ የዋጋውን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ጀልባ የሚከራየው በሰው ቁጥር ሳይሆን በጀልባው ነው። ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱም ስምንት ሆናችሁ ብትሄዱም ነዳጁ ያው ነው። ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ገዳም የራሱ መግቢያ አለው፤ አስጎብኚም የራሱን ይጠይቃል። የውጭ ዜጋ የሚከፍለው ከኢትዮጵያዊ ይበልጣል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በየበሩም ጠይቁ።

መጨረሻ ላይ መንገዱ አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭት አለ። ይህን ደብቆ «ኑ ጎብኙ» ማለት ለሰው አለማሰብ ነው። በየብስ ከመሄድ አውሮፕላን ይሻላል፤ ሁለቱም ከተሞች አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው፤ ከአዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚደረግ ማንኛውም ጉዞ ግን በዚያው ቀን ጠዋት እዚያው ካለ ሰው ተጠይቆ የሚወሰን ነው። ከውጭ የምትመጡ ደግሞ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁን አንብቡ። የምትኖሩበት አገር መንግሥት «አትሂዱ» ያለበትን ቦታ የማይሸፍን ብዙ ነው።

አንደኛ፦ ጎንደር፣ የነገሥታቱ ግንቦች

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻ አደረጓት። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ በአብዛኛው በድንኳን ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። ፋሲል ግቢ የምንለው ግን የአንድ ንጉሥ ሥራ አይደለም። ፋሲል ሠሩ፣ ልጃቸው ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ጨመሩ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ የራሳቸውን ግንብ አቆሙ፣ ዳዊት፣ በካፋና ምንትዋብ ቀጠሉ። ሁሉም በአንድ አጥር ውስጥ ነው። አጥሩ 900 ሜትር ይረዝማል፤ አሥራ ሁለት በሮች አሉት። የበሮቹን ስም ጠይቁ፤ ባልደራስ በር፣ እምቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር ይሏችኋል። ስማቸው ብቻ ማን በየት ይገባ እንደነበር ይነግራል። ዩኔስኮ ግቢውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1972 ዓ.ም. ነው።

የኢያሱን ግንብ ስታዩ ጣሪያ የለውም። የመሬት መንቀጥቀጥም፣ በኋላ ደግሞ በጣሊያን ጊዜ ማብቂያ ላይ የእንግሊዝ ቦምብም አግኝቶታል። ጣሊያኖች ግቢውን ለጦር አዛዦቻቸው ይጠቀሙበት ነበር። ብዙ አስጎብኚ እዚህ ጋ ቶሎ ያልፋል። እናንተ ቁሙ። ከውስጥ ሆናችሁ ቀና ብትሉ የፎቁ ወለል ያረፈበት ቀዳዳ አሁንም በግድግዳው ላይ በተርታ ይታያል።

ከግቢው ሌላ ሦስት ቦታ አለ። የፋሲል መዋኛ ከመሐል ከተማው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በባጃጅ ይደረሳል። ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ ከቀሃ ወንዝ ተስቦ። በሌላ ጊዜ የሄደ ሰው ባዶ ገንዳ ያገኛል። ይህን ሳያውቁ ሄደው ያዘኑ አይቻለሁ። ግን የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር እንደ ጣት ጨብጦ የያዘበት ቦታ አለ፤ ለዚያ ብቻም ይኬዳል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በኢያሱ ዘመን፣ በ1686 ዓ.ም. የተመረቀ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይህ ተረፈ፤ የንብ መንጋ ተነስቶ ወራሪውን መለሰው ይላሉ የአገሬው ሰዎች። ኮርኒሱ በሙሉ የመላእክት ፊት ነው። ክንፍና ፊት ብቻ፣ ዐይናቸው ትልልቅ። ረዘም አድርጋችሁ እዩአቸው፤ የሁሉም አስተያየት አንድ አይደለም። ፎቶ ስታነሱ ፍላሽ አጥፉ። ቀለሙን ይጎዳዋል።

ሦስተኛው ቁስቋም ነው። ብዙ ሰው አይደርስበትም፤ እኔ ግን አጥብቄ እመክራለሁ። እቴጌ ምንትዋብ ከግቢው ግርግር ወጣ ብለው ያሠሩት ነው። ፍርስራሽ ነው አሁን። የእቴጌዋ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም እዚያ በመስታወት ሣጥን አለ። ግድግዳው ላይ የተቀረጹትን መስቀሎች ልብ ብላችሁ እዩ።

ጎንደርን በአንድ ቀን ተኩል በደንብ ማየት ይቻላል። መሬቱ ገመገም አለው፤ ግን መኪናና ባጃጅ በየቦታው ያደርሳል። ለሴት፣ ለወንድ፣ ለልጅ ክፍት ነው። ወጪውም ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ጀልባ የለበትማ። የግቢውን ትኬት አትጣሉት፤ ለመዋኛውም ያገለግል እንደሆነ ጠይቁ።

ሁለተኛ፦ ዘጌ፣ ከባሕር ዳር በግማሽ ቀን

ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው ይህን ነው። ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ ደረቅ መሬት ነው፤ ደሴት አይደለም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ውሃ የሚፈራ ሰው ካለ በመኪናም ይደረሳል። አገሩ ጫካ ነው፤ ጫካው ቡና ነው። በባህሉ በሬ ተጠምዶ አይታረስበትም፣ ከብትም አይረባበትም። አቡነ በትረ ማርያም ይህን ሥርዓት እንደሠሩ ሕዝቡ ያምናል። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ነው። ዛፍ ለማዳን ከዚህ የተሻለ ዘዴ እኔ አላየሁም።

ከጀልባ ስትወርዱ አዝዋ ማርያም ቅርብ ናት። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትንሽ ዳገት አለው። ሃያ ደቂቃ ያህል በቡናው ውስጥ ይኬዳል። በመንገዱ ዳርና ዳር የእጅ ሥራ የሚሸጡ ልጆችና እናቶች አሉ። እነሱን በጥድፊያ አትለፏቸው፤ የሚኖሩት ከዚያ ነው።

የዑራ ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። ጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላል አለ። ደጁ ላይ ረጃጅም ድንጋዮች ተንጠልጥለዋል፤ ሲመቱ እንደ ብረት ደወል ይጮኻሉ። ውስጥ ስትገቡ መቅደሱ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። አንድ አባት መጋረጃውን በዘንግ ገለጥ አድርገው አሳዩን። እናቴን በሁለተኛው ጉዞ ወደዚህ ነበር ያመጣኋት። ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ሰማዕታቱን ሁሉ አለፈችና በላዔ ሰብእ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ሰው ሲበላ የኖረው ሰው ነፍሱ ስትመዘን፣ ኃጢአቱ በአንድ ወገን ተከምሯል። በሌላው ወገን በእመቤታችን ስም ለተጠማ የሰጣት ጥርኝ ውሃ አለች። እመቤታችን በሚዛኑ ላይ ጥላዋን ስትጥል ሚዛኑ ያጋድላል። እናቴ ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች። በዐይኗ ስታየው ግን ሌላ ነበር። አባ ይበቃል እስኪሉን አልነቃነቅ አለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ባለጀልባዎች በግማሽ ቀን አራትና አምስት ገዳም ሊያሳዩአችሁ ይፈልጋሉ። ሁለት ይበቃል። ሦስተኛው ላይ ሥዕሉ ሁሉ ይደባለቅባችኋል። የቀረውን ጊዜ ለዓሣ አድርጉት። ቀረሶ ጥብስ ከሐይቁ ዳር ተቀምጦ መብላት ነው እንጂ!

ጊዜና ብር ያጠረው ሰው ደግሞ ደብረ ማርያምን ይያዝ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አጠገብ፣ ከከተማው እጅግ ቅርብ የሆነች ደሴት ናት። መንገዳችሁ ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎችን ታያላችሁ።

ሦስተኛ፦ ሩቆቹ ደሴቶች፣ ደቅ፣ ዳጋና ጣና ቂርቆስ

ይህ ለሁሉም አይሆንም። ከባሕር ዳር እስከ ደቅ በሞተር ጀልባ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ ያውም ለመሄጃ ብቻ። ቀኑ ሙሉ ያልፋል። ነዳጁ ብዙ ስለሆነ ኪራዩም ከሁሉ የከበደ ነው። ስድስት ሰባት ሆናችሁ ብትጋሩት ነው የሚያዋጣው።

ግን ምን አለ መሰላችሁ? የጎንደርን ግንብ የጀመሩት ፋሲል አጽማቸው ያለው ጎንደር ሳይሆን ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብም እዚያ እንዳለ ይነገራል። ግንቡን ብቻ ያየ ሰው የንጉሡን ዘመን አየ፤ ዳጋ የወጣ ሰው ማረፊያቸውንም አየ። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ጉልበት ይጠይቃል። ለወንድ ብቻ ነው።

ደቅ ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ሴቶችም ይገባሉ። ያሠሩት ያው እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው የተሣሉት እሳቸው ናቸው። ጎንደር ላይ ቁስቋምን አይቶ ናርጋን የደገመ ሰው እቴጌዋን በሁለት ፊት አወቃቸው፤ አንዱ የቤተ መንግሥት፣ ሌላው የጸሎት።

ጣና ቂርቆስ በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ነው። ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እዚህ አርፋለች የሚል ትውፊት አለ። ለመንፈሳዊ ጉዞ የሚሄዱ ወንዶች ከሌላው ሁሉ ይህን ያስቀድማሉ። ለጉብኝት ብቻ ከሆነ ድካሙ ይበዛል።

ለሩቅ ጉዞ ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ቁጠሩት። ምግብና ውሃ ያዙ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ፤ ነፋሱ ሳይበረታ መመለስ አለባችሁ።

አራተኛ፦ ጎርጎራ፣ የሐይቁ ሰሜን ዳር

ከጎንደር ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀልባ ውስጥ ብዙ ሳይቀመጡ ሐይቁንና ገዳሙን ማየት ለሚፈልግ ሰው ይሆናል። ደብረ ሲና ማርያም የሣር ክዳን ያላት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ውስጧ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ያሸበረቀ ነው። ሴቶች ይገባሉ። በአካባቢው የዐፄ ሱስንዮስና የኢየሱሳውያን ሚሲዮኖች ዘመን ግንብ ፍርስራሽ አለ፤ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ የዞሩበት፣ አገሩም በዚህ የታመሰበት ዘመን ነው። ከዚያ ትርምስ በኋላ ልጃቸው ፋሲል ሃይማኖቱን መልሰው ጎንደርን አቀኑ። ስለዚህ ጎርጎራን ከጎንደር በፊት ያየ ሰው ታሪኩ በቅደም ተከተል ይገባዋል። ችግሩ መንገዱ ነው፤ ያን ዕለት ሰላም ስለመሆኑ ሳትጠይቁ አትነሱ። በሰሜን ምሥራቁ የሐይቁ ዳርቻ እምቦጭ አረም በብዛት ይታያል። ሐይቁን ሲበላው ማየት ያማል፤ ግን ማየቱም ጥሩ ነው።

ሁለቱን ከተሞች በመኪና ለማገናኘት የሚያስብ ሰው 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል። መንገዱ ሰላም ከሆነ እንፍራንዝ ላይ ቁሙ። ጉዛራ ግንብ ኮረብታ ላይ አለ፤ በዐፄ ሠርጸ ድንግል ዘመን፣ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የተሠራ ነው። የጎንደር ግንቦች ከየት መጡ ለሚል ሰው መልሱ በከፊል እዚያ ቆሟል፤ ሐይቁም ከኮረብታው ላይ ይታያል። ሰላም ካልሆነ በአንዱ ከተማ ገብታችሁ በዚያው ውጡ።

በአጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ጊዜ | ሴቶች ይገባሉ? | ድካም | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ጎንደር ከተማ | 1 ቀን ተኩል | አዎ፣ ሁሉም ጋ | መጠነኛ | ዝቅተኛ |
| ደብረ ማርያም | ጥቂት ሰዓት | አዎ | ቀላል | ዝቅተኛ |
| ዘጌ (ዑራና አዝዋ) | ግማሽ ቀን | አዎ | 20 ደቂቃ ዳገት | መካከለኛ |
| ክብራን ገብርኤል | ግማሽ ቀን | አይገቡም | ትንሽ ዳገት | መካከለኛ |
| ናርጋ ሥላሴ (ደቅ) | ሙሉ ቀን | አዎ | ረጅም ጀልባ | ከፍተኛ |
| ዳጋ እስጢፋኖስ | ሙሉ ቀን | አይገቡም | ረጅም ጀልባ፣ ቀጥ ያለ ዳገት | ከፍተኛ |
| ጣና ቂርቆስ | ሙሉ ቀን | አይገቡም | ረጅም ጀልባ | ከፍተኛ |
| ጎርጎራ | 1 ቀን ከጎንደር | አዎ (ደብረ ሲና) | የመኪና መንገድ | መካከለኛ |

ለማን የቱ?

እናትና አባቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ባሕር ዳር ይግባ፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ብቻ ጠዋት አይቶ ይመለስ። ዳገቱ ከከበዳቸው አዝዋ ማርያም ትበቃለች። ልጆች ያሉት ሰው ጎንደርን ይምረጥ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ልጆች ይሮጡበታል፤ የአንበሳ ቤቱንም ይወዱታል።

ውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆችን ይዛችሁ ስትመጡ እኔ ጎንደርን አስቀድማለሁ። ሥዕሉን ለመረዳት ታሪኩን ማወቅ ይፈልጋል፤ ግንቡን ግን ማንም ልጅ ሲያየው ይገባዋል። ገዳሙን በማግስቱ አድርጉት።

ብሩ ያጠረ ተማሪ ጎንደርን በእግር ይዙር። ባሕር ዳር ከሆነ ደግሞ ለደብረ ማርያም ከሌሎች ጋር ጀልባ ይጋራ። ወንዶች ብቻ ሆናችሁ ለመንፈሳዊ ጉዞ ከተነሳችሁ ዳጋን ወይም ጣና ቂርቆስን አንዱን ምረጡና ሙሉ ቀን ስጡት። ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክሩ።

በጥምቀት የምትሄዱ ጎንደርን ያዙ፤ አልጋችሁን ከወራት በፊት። ጥምቀትን የቀመሰ ሰው ያን ሰሞን ለገዳም ጉዞ ጉልበት አይተርፈውም። በጥቅምት የምትሄዱ ባሕር ዳርን ያዙ፤ ጢስ ዓባይም ያኔ ሙሉ ነው። በበጋ ግን ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል።

ለሁሉም የሚሆን ዕቃ፦ ነጠላ፣ ለሴቶች ረጅም ቀሚስ፣ ጫማ ስለምታወልቁ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ዝርዝር ብር። ገዳም ላይ ዝርዝር አይገኝም።

ከባለጀልባው ጋር ዋጋ ስትነጋገሩም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር አስጨርሱ። ዋጋው ለመሄድና ለመመለስ ነው? እዚያ ስንት ሰዓት ይጠብቃል? የገዳሙ መግቢያ በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም? አራተኛውን ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ገዳም በየስሙ ጠይቁት፤ «ሴት ትገባለች?»